የጄጎን ሣጥኖች ስላነሳው ሰው የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ሞርዌና ፔንግሊ
ዕድሜ፦ 56 ዓመት
ሥራ፦ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ
አድራሻ፦ ቻፕል ጎዳና፣ ፖርትቬሪን፣ ኮርንዎል
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኖቬምበር 19 ቀን 2021፣ ዓርብ
ቃሉን የተቀበሉት፦ ኮንስታብል ሮዋን ቢዲክ
ምስክሯ በጠየቀችው መሠረት ቃሏን በራሷ እጅ ጽፋለች።

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ባለቤቴ ክላይቭ ፔንግሊና ታላቅ ወንድሜ ዴንዚል ትሬዊን ትናንት ሐሙስ ጠዋት ባሕር ላይ ሲገናኙ በቦታው ነበርኩ። በቅርብ ሆኖ ያየ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። ያየሁትን ለመጻፍ እፈራለሁ። ሆኖም እጽፋለሁ።

ነገሩ የተነሳው ከልጄ ከጄጎ ሞት ነው። ጄጎ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ከአባቱ ጋር በአንድ ጀልባ ሎብስተር የሚባለውን ባለመቆንጠጫ የባሕር እንስሳ ያጠምድ ነበር። ዴንዚል ደግሞ የመንደሩን ሎብስተር ተቀብሎ የባሕር ውኃ ጋን በተጫነበት መኪና፣ ከነሕይወቱ፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ስፔን ይልካል። አገራችን በሕዝብ ድምፅ ከአውሮፓ ኅብረት ከመውጣቷ፣ ከብሬግዚት በፊት፣ መኪናው ዛሬ ተጭኖ ነገ ይደርስ ነበር። ከዚያ ወዲህ የእንስሳት ሐኪም ማኅተም፣ የጉምሩክ ወረቀት እየተባለ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ከወደብ ይመለሳል። ስለዚህ አጥማጆቻችን የያዙትን ሎብስተር መቆንጠጫውን በላስቲክ አስረው በማቆያ ሣጥን ይከቱና መኪናው እስኪመጣ ሣጥኑን ባሕር ውስጥ ያቆዩታል። መቆንጠጫቸው ካልታሰረ ሣጥኑ ውስጥ እርስ በርስ ይበላላሉ።

በዚህ ወር መጀመሪያ ላይ የዴንዚል መኪና ማኅተሙ ያለቦታው ተመቷል ተብሎ ከወደብ ተመለሰ። ሣጥኖቻችን ሞልተው ነበር። በዚያው ሰሞን ከባድ ነፋስ እንደሚመጣ በራዲዮ ተነገረ። ክላይቭ ወገቡን አሞት ተኝቶ ስለነበር፣ ነፋሱ ሣጥኖቹን ከድንጋይ ጋር ሳያላትማቸው ለማንሳት ጄጎ ብቻውን ወጣ። ጀልባችን ሰው አልባ ሆና በአንድ ቦታ ስትዞር ተገኘች። ገመድ እግሩን ጠምጥሞ እንደጣለው በኋላ አስከሬኑ ሲገኝ ተነግሮናል። ነፋሱ ወደ ሰሜን ዞሮ አለፈ። ሣጥኖቹም እንደተቀመጡ ቀሩ።

የቀብሩ ሥነ ሥርዓት የተፈጸመው ከትናንት በስቲያ ረቡዕ ነው። ከቀብር መልስ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለሰው ሻይና የሳፍሮን ዳቦ እየቀረበ ነበር። ዴንዚል ወደ ባለቤቴ ቀርቦ ትከሻውን ያዘው።

“አይዞህ የኔ ቆንጆ፣” አለው፣ በእኛ አገር ወንድ ለወንድ እንደሚለው።

“እጅህን አንሳ። መኪናህ በሰዓቱ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆመህ ዳቦ አትበላም ነበር።”

“መኪናዬን ማን አስቆመው? አንተ አይደለህም እንዴ ‘ባሕራችን ይመለስ’ ብለህ ጀልባህ ላይ ባንዲራ የሰቀልከው?”

“እኔ ባሕሬን ነው የመረጥኩት። ማኅተም አልመረጥኩም።”

“ባሕሩማ ተመለሰልህ፣ ያውልህ! ሎብስተሩን ማን ይብላልህ? የዚህ አገር ሰው እንደሆነ ከአይስላንድ የመጣ ዓሣ በድንች ነው የሚበላው።”

“ብራስልስ ያሉት የአውሮፓ ሹማምንት ሊቀጡን ነው። የእኛዎቹም እጃቸውን አጣጥፈው ፈረሙላቸው። ስምምነት ነው ይሄ? የፈረንሳይ ጀልባ ዛሬም አፍንጫችን ሥር ያጠምዳል!”

“አታስብ፣ አሁን ከአውስትራሊያ ጋር በንግድ ተስማምተናል። ሎብስተሩን እያዋኘን እንልክላቸዋለን።”

ከኋላ የነበሩ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ወዲያው የት እንዳሉ ትዝ ሲላቸው አቀረቀሩ። ባለቤቴ ድምፁን ሳያነሳ፣ “ልጄን ገደልክና ደግሞ ሰው ታስቃለህ፣” አለ። ዴንዚልም፣ “ልጅህን የገደለው የሰጠኸው ድምፅ ነው፣” ብሎ መለሰለት። ይህን የሰማ ሰው ብዙ ስለሆነ እኔን ብቻ መጠየቅ አያስፈልግም። ወንድሜን ገፍቼ ከአዳራሹ አስወጣሁት። ሁለቱ ላለፉት አምስት ዓመታት በየገናው ማዕድ በዚሁ ነገር ተሟግተዋል። ያን ጊዜ ግን ጄጎ መሃላቸው ተቀምጦ ስለሚቀልድባቸው ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር።

ክላይቭ ቤት ስንገባ መስኮቱ ጋ ቆሞ ባሕሩን ሲያይ አመሸ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

እዚህ ላይ የመንደራችንን ልማድ መግለጽ አለብኝ። አንድ ሰው ባሕር ሲበላው፣ ሳይነሳ የቀረውን ወጥመድና ሣጥን የቅርብ ዘመድ አንስቶ እናቱ ወይም ሚስቱ ደጅ ድረስ ያደርሳል። አስቀድሞ አይናገርም፣ ፈቃድም አይጠይቅም፤ ሐዘንተኛን መጠየቅ ነውር ነው። ከዚህ ውጪ ግን የሰው ሣጥን የነካ ሰው ሌባ ነው፤ በመንደሩም ሰላም የሚለው አያገኝም።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ባለቤቴ መስኮት ላይ ቆሞ በሩቅ ማሳያ መነጽር ወደ ባሕሩ ሲመለከት አገኘሁት። “ወንድምሽ ሣጥናችን ላይ ነው፣” አለኝ። ተቀብዬው ሳይ የዴንዚል ጀልባ ከእኛ ቀይ ተንሳፋፊ ምልክት አጠገብ ቆማለች። “ለጄጎ እያነሳለት ነው እኮ፣” አልኩት። “እሱ? ትናንት የሰደበኝ ሰው?” አለና ጫማውን ሳያስር ወጣ። ልማዱን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ቃል በኋላ ዴንዚል ልማዱን ይጠብቃል ብሎ ማመን አልቻለም። እየሮጥኩ ተከተልኩትና ጀልባዋ ከመነሳቷ በፊት ዘልዬ ገባሁ። በቤት ካፖርቴ ነበርኩ። ውረጂም አላለኝም።

ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር፤ ትንሽ ጉም ነበረው። ባለቤቴ ዞሮ አላየኝም። አንገቱን ከኋላ እያየሁ ይህን ሰው ሠላሳ ዓመት አብሬው መኖሬን እጠራጠር ጀመር። “ክላይቭ፣ ቀስ በል፣” እያልኩ ለመንኩት። ሞተሩ ስለሚጮህ ድምፄን ይስማ አይስማ አላውቅም።

ዴንዚል ጎንበስ ብሎ የመጨረሻውን ሣጥን እየሳበ ነበር። ቀና ብሎ ሲያየን እጁን አውለበለበ። ክላይቭ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ሆን ብሎ ይሁን ወይም ዘንግቶ በልቡ የለሁበትም። ጀልባችን የዴንዚልን ጀልባ ጎኗን ስትመታት ዴንዚል ወደ ውኃው ወደቀ።

ክላይቭ የጀልባዋን መንጠቆ ያለበትን ረጅም ዘንግ አነሳና የዴንዚልን የሕይወት አድን ሰደርያ ኮሌታ ላይ ያዘው። ሊያወጣው መስሎኝ፣ “ተመስገን!” አልኩ። እሱ ግን አልሳበውም። ያዘው እንጂ አልሳበውም። ጀልባችን በተወዛወዘች ቁጥር ዘንጉ እየተጫነው የወንድሜ ፊት ውኃ ውስጥ ይገባና ይወጣ ነበር።

“በል ተናገር! ማን ነው የገደለው?”

“አን... አንተ...” አለ ዴንዚል።

“ማን ነው?”

ወንድሜ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። “መኪናዬ ነው። እኔ ነኝ። እሺ፣ እኔ ነኝ፣ ክላይቭ!” ብሎ ጮኸ።

ክላይቭ የፈለገውን ቃል ሰምቶም አልሳበውም። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ፈርቼ አላውቅም። ጄጎ የጠፋ ቀን እንኳ ተስፋ ነበረኝ። ዘንጉን ለመንጠቅ ሞከርኩ፤ ጣቶቹ እንደ ብረት ተጣብቀውበት ነበር። ስለዚህ ነከስኩት። በቀኝ እጁ ላይ ያለው ቁስል የእኔ ጥርስ ነው፤ ዴንዚል በትግል ያደረሰበት አይደለም። ያን ጊዜ ባለቤቴ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው አየኝ። ከዚያም እሱ ራሱ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጎተተው፤ እኔም አብሬው ጎተትኩ። ይህም መጻፍ አለበት። ያለ እሱ ጉልበት እኔ ብቻዬን አላወጣውም ነበር። ከገደሉ አናት ሆኖ ያየው መንገደኛ ዘንግ የያዘ ሰው ሌላውን ሲያሰጥም አየሁ ብሏል ተብሏል። ከሩቅ ያየው ይህንን ነው።

ዴንዚልን ልብሱን አውልቀን በካፖርቴ ጠቀለልነው። የሱ ጀልባ ላይ ያለው ጋን ክዳኑ ተከፍቶ ነበር። ውስጡ ሎብስተሮቹ ሁሉም በሕይወት አሉ፤ ሁሉም በቢጫ ላስቲክ ታስረዋል። በመንደራችን በቢጫ ላስቲክ የሚያስረው ጄጎ ብቻ ነው። ክላይቭ ልጁ በእጁ ያሰራቸውን ሲያይ ጀልባው ወለል ላይ ተቀመጠ። ፖሊስ ወደቡ ላይ ሲጠብቀን እንኳ ደግፈው ነው ያስነሱት።

ዛሬ ጠዋት ወንድሜን ሆስፒታል ሄጄ አየሁት። የአንገቱ አጥንት ተሰብሯል። “ተንሸራትቶ ወደቀ በይ፣ ዌና፣” አለኝ። “ክላይቭ አወጣው በይ። ውሸትም አይደለም፣ አወጣኝ አይደል? እሱ ታስሮ አንቺ ከማን ጋር ልትቀሪ ነው?”

ይህን ሌሊቱን ሙሉ እኔም ራሴን ስጠይቅ ነበር። ልጄን ቀብሬያለሁ። እውነቱን ከጻፍኩ ባለቤቴን አጣ ይሆናል። ተንሸራተተ ብዬ ብፈርም ደግሞ ሁለቱም ወደ አንድ መንደር፣ ወደ አንድ ወደብ ይመለሳሉ። መኪናው እንደገና ይቆማል፤ ክርክሩም እንደገና ይነሳል። እኔ ሁልጊዜ ጀልባው ላይ አልገኝም። ስለዚህ ተንሸራተተ አልልም። ያዘው፤ አልሳበውም፤ በኋላ ግን ሳበው። ሕግ ሦስቱንም ይመልከት።

የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። ሎብስተሮቹ በማስረጃነት ወደቡ ላይ ባለው ጋን እንደተያዙ ኮንስታብል ቢዲክ ነግረውኛል። አይሸጡ። ማንም ሰው ላስቲካቸውን እንዳይፈታ። እኔ ራሴ መጥቼ አንድ በአንድ ፈትቼ ወደ ባሕር እመልሳቸዋለሁ።

ከዚህ በላይ የጻፍኩት በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ነው። ለባለቤቴም ሆነ ለወንድሜ ብዬ የጨመርኩት ወይም የቀነስኩት የለም። ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ፣ አንብቤው ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ሞርዌና ፔንግሊ
ቃሉን የተቀበሉት ፖሊስ ፊርማ፦ ኮንስታብል ሮዋን ቢዲክ