ባሌ «ማን ነሽ?» ያለኝ ቀን

ሰቆጣ ገበያ ልጄን አዝዬ በርበሬ ስመርጥ ስልኬን ወሰዱብኝ። አጠገቤ የቆመውን ሁሉ ጠረጠርኩ። በርበሬ ሻጯን እንኳ «እስቲ ተነሽ፣ ከሥርሽ ልየው» ብላት «ልብሴንስ ላውልቅልሽ?» ብላ አፌዘችብኝ። ከገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው ሐጂ ግን ጠርተውኝ ስልካቸውን ሰጡኝ። «ልጄ፣ መጀመሪያ ለባልሽ ንገሪው። በስልክሽ ደውለው እንዳያታልሉት» አሉኝ። ምን እንዲህ አስቸኮላቸው ብዬ እሳቸውንም ጠረጠርኩ። ባሌ ሁመራ ለሥራ ሄዷል። ስም ማንበብ ስለሚያስቸግረኝ ቁጥሩን በቃሌ ይዤዋለሁና ደወልኩ።

«እኔ ነኝ፣ ስልኬን ሰረቁኝ» ስለው «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» አለኝ። «አሁን አንዷ በሚስቴ ስልክ ደውላ ‹ልጁ ታሞብኛል፣ ቶሎ ብር ላክ› ብላ አለቀሰች። ልልክ ስል አንቺ መጣሽ። የትኛችሁን ልመን?» እኔም ከለቅሶ ብዛት ድምፄ ተዘግቷል። የልጃችንን ስም ብነግረው «ስምማ ማንም ይሰማል» አለ። ያኔ ንዴቴ ገነፈለና በቤታችን ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ የስድብ መዓት አወረድኩበት። ሳቁ አመለጠው። «በቃ፣ በቃ! ሚስቴ አንቺ ነሽ። ያቺኛዋ ይሄን የአንቺን ስድብ ከየት ታመጣዋለች! አልልክም፤ ሄደሽ ሲሙን አስዘጊ» አለኝ።

ስልኩን ስመልስ ሐጂ «ምን ብለሽው ነው ያመነሽ?» አሉኝ። ለትልቅ ሰው የሚነገር አልነበረምና «ሲሙን ላስዘጋ ልሂድ» ብዬ ሹልክ አልኩ።