የጉድጓዱ ሁለት ምልክቶች

ጣሊያን መተማን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ በሚያዝያ ሐሩር፣ አያ አዛናው ቤተሰባቸውን ይዘው ከሳንጃ በታች ባለው በረሃ ተደብቀው ነበር። አርብ ማለዳ ውሃ ሊቀዱ ሲወርዱ ጎረቤታቸውን በሽርን አገኙት። ሱዳን ገዳሪፍ ተምሮ የመጣ የነጋዴ ልጅ ነው፤ ድንጋይ ያሰረበትን ገመድ ወደ ጉድጓዱ ያወርዳል።

«ምን እያደረግህ ነው ልጄ?»

«እንደምን አደሩ አያ አዛናው። ውሃውን እየለካሁ ነው።»

«አቤት ድፍረት! የአውድማ እህል እንኳ ከተቆጠረ በረከቱ ይሸሻል። ጭራሽ የእግዜርን ውሃ?»

በሽር አልተቆጣም። አሸዋው ላይ አንድ የተጋደመ፣ አንድ የቆመ መስመር አሰመረ።

«የተጋደመው ቀን ነው፤ የቆመው የውሃው ጥልቀት። ሰኞ ሃያ ስንዝር ነበር፤ እዚህ ላይ ምልክት። ዛሬ አሥራ ሁለት፤ እዚህ ላይ ሌላ። ቁልቁል ስንት ወረደ?»

«ስምንት።»

«በስንት ቀን?»

«በአራት።»

«ስምንትን ለአራት ያካፍሉት። በቀን ሁለት ስንዝር፤ ሁለቱን ምልክቶች የሚያገናኘው መስመር ቁልቁለት ይህ ነው። የቀረው በስድስት ቀን ያልቃል። ሐሙስ አሸዋ ነው የምንቀዳ። ከድንበር ማዶ ያለው ገላባት ደግሞ የሦስት ቀን መንገድ ነው፤ ዛሬውኑ እንነሣ።»

የአዛናው ልብ ጎጆው ውስጥ ነበር። ልጃቸው ፋናዬ በንዳድ ከወደቀች ሳምንቷ ነው፤ መንገዱ ይገድላታል ብለው ፈሩ።

«በሁለት ምልክት ተነሥቶ ይኬዳል? ልጄ ትንሽ ይሻላት።»

«ገላባት ሐኪምም ኪኒንም አለ አያ። እዚህ ውሃም አይኖር።»

«እሑድ ራሴ እለካለሁ። ስምንት ስንዝር ከሆነ እሄዳለሁ።»

ሰው ክፉ ወሬ ሲሰማ ቀጠሮ ማብዛት ይወዳል፤ አዛናውም ሰው ናቸው።

እሑድ ገመዱን አወረዱ። የገመዱን እርጥብ በስንዝር ለኩት፤ ስምንት ሆነ። ሳይቆጥሩት በኖሩበት ጊዜም ውሃው መጉደሉን እንዳልተወ ያን ጊዜ ገባቸው። ፋናዬን በቃሬዛ ተሸክመው፣ መተማን በዱር ዞረው፣ ረቡዕ ገላባት ደረሱ። ሐኪሙ ዓይኗን ገልጦ አየ።

«ሁለት ቀን ቀድማችሁ ብታመጧት ኖሮ» አለ።

ሐሙስ ቀበሯት። ወደ ኋላ ቀርተው የነበሩ ሰዎች ሲደርሱ፣ ጉድጓዱ በዚያው ሐሙስ እንደ ደረቀ ተናገሩ።

ከዚያ ወዲያ አዛናው በስደተኛው ሰፈር ያለውን ጉድጓድ ሁሉ እየለኩ፣ የሚደርቅበትን ቀን አስቀድመው ይናገሩ ነበር። ብዙ ቤተሰብም በጊዜ ተነሥቶ ከውሃ ጥም ተርፏል። «አንድ ቀን ደግሞ እንየው» የሚል ሲመጣ ግን ገመዳቸውን እየጠቀለሉ እንዲህ ይሉታል።

«ሁለት ምልክት ይበቃል ልጄ። ሦስተኛውን ስጠብቅ ነው ፋናዬን የቀበርሁ።»