የሰርክ ቀኝ እጅ

— ሄሎ?... ድንቅነሽ! ትሰሚኛለሽ?... ቆይ፣ ወደ በሩ ልጠጋ፤ እዚህ ይቆራረጣል... አሁንስ?... እሺ። ሕፃኑ ጠባ?... እሰይ! ነገ ነው የምትወጡት?... ተመስገን። ወረታ ጤና ጣቢያው ድረስ ባጃጅ ይዤ እመጣለሁ።

— ሰርክ?... ልጃችን ደህና ናት... ደህና ናት አልኩሽ እኮ... ምነው፣ ድምፄ ምን ሆነ?... እንግዲህ አልዋሽሽም። ቀኝ እጇ ታስሯል።

— እናትሽ ናቸው። በመቀነታቸው፣ ከወገቧ ጋር... አይ፣ ብዙም አልጠበቀ። «ይህ እጅ ሳታስበው ይወረወራል፤ ነገ ጨቅላውን ይመታዋል፤ ከዛሬ ይልመድ» ብለው ነው።

— ልፍታው? እኔ?... ድንቅነሽ፣ አማቴ እኮ ናቸው! ለወሊድሽ ብለው ከይፋግ ከመጡ ወዲህ ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም... አንቺው ንገሪያቸው፤ ስልኩን ልስጣቸው?... እሺ። እሺ፣ እኔው።

— እማማ አምሳል... ይቅርታ ያድርጉልኝና... እጇን ልፈታላት ነው። ስትወለድ አየር አጥሯት አንጎሏ ተጎድቶ ነው እንጂ እጇስ ባለጌ አይደለም፤ ባሕር ዳር ያለችው ሐኪም እንዳይታሰር ብላለች... አዎ፣ ፍታው ያለችኝ ድንቅነሽ ናት... አይ... እኔም ነኝ።

— ሄሎ፣ አለሽ? ፈታሁት። ውይ፣ እየተወራጨ ነው... እማማ፣ «አርፈሽ ተቀመጪ» አይበሏት፤ ባሏት ቁጥር ይብስባታል... ምን ላድርግ፣ ድንቅነሽ?... ከኋላዋ ልቀመጥ... ክርኗን ጉልበቴ ላይ... አሳረፍኩት። ሁላችንም ዝም እንበል?... እሺ...

— ...

— በረድ አለ። እንዴ! ጣቶቿ ተከፈቱ።

— ሕፃኑን ልታሰሚያት? ቆይ፣ ድምፁን ከፍ ላድርገው... ሰርኬ፣ ወንድምሽ ነው!... ሃሃ! ደስ ሲላት ደግሞ እጇ በረረ፤ የእማማን ሻሽ ጣለችው!... አይ፣ አልተቆጡም። እየሳቁ ነው።

— ቆይ... እማማ ጣታቸውን መዳፏ ውስጥ አስገቡላት። ያዘችው... ጥብቅ አድርጋ፤ መልቀቅ እንደሚከብዳት ታውቂያለሽ። እማማ፣ ላላቅቅዎት?... «ተዋት» ይላሉ... ምን አሉኝ?... ድንቅነሽ፣ «ነገ ሕፃኑን እኔ አቅፍላታለሁ፣ አንተ ክርኗን ደግፍላት፣ ወንድሟን ትንካው» ነው የሚሉት... አታልቅሺ እንጂ! አራስ ያለቅሳል እንዴ?

— በይ፣ ልዝጋው። ላሚቱ እየጮኸች ነው፤ እማማ ደግሞ መነሣት አልቻሉም... ማን ያልባል ትያለሽ፣ እኔ ነኛ!... እሺ። ደህና እደሪ።