የፎቶ አንሺውና የአፕዴቱ ጠብ

ፎቶ አንሺው ኮምፒውተሩን በፎጣ ጠቅልሎ እንደ ታመመ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ ከስቱዲዮው ደረጃ ሲወርድ፣ መታጠፊያው ላይ ከእህቱ ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። ልጅቷ ተምራ በአንድ ክሊኒክ የኮምፒውተሮች ኃላፊ ሆናለች። በዚያ ስታልፍ ለሰላምታ ብላ ነበር ብቅ ያለችው።

“ጋሼ፣ ወዴት ይዘውት ነው?”

“ወደ ጠጋኝ። ገድለውታል።”

“እነማን?”

“እነዚያ የአፕዴት ሰዎችሽ ናቸዋ።”

ነገሩን እዚያው ደረጃው ላይ ቆሞ፣ ደም ሥሩ እየተገታተረ ነገራት። ጠዋት የዳቦ ጋጋሪዋን ልጅ የሰርግ ፎቶዎች ለማተም ተቀምጦ ሳለ ስክሪኑ ሳይጠየቅ ሰማያዊ ሆነና “በመሻሻል ላይ ነው፣ እባክዎ አያጥፉት” ብሎ ጻፈ። እሱ ደግሞ በገዛ ቤቱ በሳጥን የሚታዘዝ ሰው አይደለም፤ ሶኬቱን ነቀለው። መልሶ ቢሰካው ኮምፒውተሩ ጥቁር እንደለበሰ ቀረ። ጋጋሪዋ ከሰዓት በኋላ ፎቶዎቿን ልትወስድ ትመጣለች። በካሜራው ካርድ ላይ የነበሩትንም ለሌላ ሥራ ብሎ አጥፍቷቸዋል። ያ ሰርግ ከዚህ ሳጥን በቀር የትም የለም።

“ሶኬቱን ነቀሉት?” አለች ልጅቷ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያኘከች።

“ነቀልኩት። ሁልጊዜም እነቅለዋለሁ።”

ሰው ያልገባውን ነገር ሲፈራ ፈራሁ አይልም፤ ተናደድኩ ነው የሚለው። ፎቶ አንሺውም ከአፕዴት ጋር የተጣላው እንዲሁ አልነበረም፤ በደልም ነበረው። አንድ ጊዜ ተመራቂ ተማሪዎች እስከ መንገድ ድረስ ተሰልፈው ሳለ ኮምፒውተሩ “ይጠብቁ” ብሎት፣ ሰልፉ ዓይኑ እያየ ወደ ማዶው ስቱዲዮ ተሻገረ። አፕዴቱ ሲያልቅ ደግሞ ፕሪንተሩና ኮምፒውተሩ ተያይተው እንደማያውቁ ባዕዳን ሆኑ። ከዚያ ቀን ወዲህ የአፕዴት ማሳሰቢያ ብቅ የምትልበትን የስክሪን ጥግ በቁስል ፕላስተር ሸፍኖ ነበር የሚሠራው።

ልጅቷ ሽቅብ ይዛው ወጣች። ኮምፒውተሩን ከስክሪኑ ጋር አገናኝታ፣ ከቦርሳዋ ያወጣችውን ፍላሽ ሰክታ፣ ብዙ ከታገለችው በኋላ ቀሰቀሰችው። ፕላስተሩን ስታይ ለመሳቅ ቃጥቷት ነበር፤ ከላይ የተደረደሩትን ፕሮግራሞች ስታይ ግን ሳቋ ጠፋ። “አጽጂ”፣ “አፋጣኝ”፣ “የኮምፒውተር ሐኪም” ይላሉ።

“አፕዴቱን በር ዘግተውበት እነዚህን ማን አስገባቸው?”

“እነሱ ጨዋ ናቸው። ‘ኮምፒውተርዎ ታሟል፣ እናድንልዎ?’ ብለው ጠይቀው ነው የገቡት።”

“ሌባም እኮ አንኳኩቶ ይገባል፣ ጋሼ።”

ይሄ አንገበገበው። “ስሚ፤ ይሄን መቀስ የሸጠልኝ ሰው በየወሩ እየመጣ እጀታውን አይቀይርብኝም። የገዛሁት ዕቃ ባለቤቱ እኔ ነኝ ወይስ እነሱ?”

“መቀስዎ ከዓለም ሁሉ ጋር በገመድ አልተያያዘም። የዚህ በር ግን ወደ ሁሉም ሰፈር ነው የሚከፈተው። ሌቦች ቁልፉን አስመስለው መቅረጽ ሲችሉ ቁልፉ ይቀየራል፤ አፕዴት ማለት በአብዛኛው ይኸው ነው። እርስዎ ግን ቁልፍ ሠሪውን በሥራው መሃል እጁን ይዘው ጎተቱት፤ በሩም ሳይገጠም ቀረ።”

መልስ ሊሰጣት አፉን ሲከፍት ነው በስክሪኑ መሃል ደማቅ ጽሑፍ የፈነዳው። “እንኳን ደስ አለዎት! ተመሳሳይ ፎቶዎች ተወግደው ሰፊ ቦታ ተገኝቷል” ይላል። የላከው ያ “አጽጂ” የተባለው ነው። ፎቶ አንሺው ትናንት “ላጽዳልዎ?” ሲለው “እሺ” ማለቱ ትዝ አለው።

ፎቶ አንሺ አንዱን አቋም ደጋግሞ የሚያነሳው ሰው ዓይኑን ስለሚጨፍን፣ ከንፈሩን ስለሚነክስ ነው፤ ከነዚያ ሁሉ ደህናዋን ይመርጣል። አጽጂው ግን ተመሳሳይ ናቸው ብሎ ከየአቋሙ የመጀመሪያዋን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ጠርጎታል። ልጅቷ የጠፋ ፋይል በሚያድን ፕሮግራም አንዳንዶቹን መለሰች። ጋጋሪዋ ሙሽራ ልጇን አቅፋ የሳቀችባት ፎቶ ግን አልተመለሰችም፤ በነበረችበት ቦታ ሌላ ፋይል ተጽፎባታል። የቀረችው እናትየው ዓይኗን የጨፈነችባት ናት።

ሰውዬው በጥርሱ መሃል፣ “የሰደብኩት ሌላ፣ የዘረፈኝ ሌላ” አለ። “የማላምነውን አስሬ የማላውቀውን አጉርሼ ኖሬያለሁ።”

ልጅቷም በዚህ ጊዜ ቁጣዋን አበረደች። በሰው የሥራ ሰዓት ዘው ብሎ መግባት ነውር መሆኑን፣ በዚህ እሷም ሠሪዎቹን እንደምትረግማቸው አልደበቀችም። “ግን ሰዓቱን እርስዎ ራስዎ መወሰን ይችሉ ነበር” ብላ ሰዓቱ የሚመረጥበትን ቦታ አሳየችው። ስቱዲዮውን ለምሳ ሲዘጋ እንዲሆን መረጠ። አጽጂዎቹንም አንድ በአንድ በገዛ ጣቱ፣ እንደ ቅማል እየደፈጠጠ አስወጣቸው። ፕላስተሩን ላጠ።

ጋጋሪዋ ክንዷ በዱቄት እንደነጣ መጣች። የታተሙትን እያገላበጠች መጥታ አንዷ ላይ ቆመች።

“እዚህ ላይ ተኝቻለሁ እንዴ? ያን ዕለት በካሜራው ያሳየኸኝ ይሄ አይደለም፤ እየሳቅኩ ነበር።”

“አፕዴት በላው” የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ብሏት ቢሆን ሰፈሩ ሁሉ ባመነው። “እኔ ነኝ ያጠፋሁት” አላት።

“ልጄ ባሏን ተከትላ ባሕር ተሻግራለች” አለች። “ያን ቀን ከየት ታመጣልኛለህ?”

“አላመጣልሽም። የትም የለም።”

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈላት፤ ግማሹ ለእሷ ነበር፣ ግማሹ ለራሱ። በጊዜው የታደሰ ኮምፒውተር ለሌባና ለቫይረስ እንደማይመች፣ ሰዓቱን ራስህ ስትመርጥለት በሥራ መሃል እንደማያዋርድህ፣ ሳይጠሩት መጥቶ “ታመሃል” የሚል ሐኪም ራሱ በሽታው መሆኑን፣ ፎቶም ሁለት ቦታ ሳይቀመጥ ከካሜራ ካርድ ላይ ማጥፋት እንደማይገባ ነገራት። ጠረጴዛውን እየደበደበ ነበር የሚናገረው። የእህቱ ልጅ ጥጉ ላይ ቆማ፣ ትምህርቷን ከእሷ አብልጦ ሲያስተምረው አዳመጠች።

ጋጋሪዋ ፎቶዎቹን ሰብስባ፣ ዓይኗን የጨፈነችባትን ከላይ አደረገች። ይቅር አላለችውም። በሩ ላይ ደርሳ ዞረች።

“የዳቦ ቤቱም ኮምፒውተር ‘ኮምፒውተርዎ ታሟል፣ ላጽዳልዎ?’ እያለ ሰንብቷል፤ እኔም እሺ ልለው ነበር። የልጄ የሕፃንነቷ ፎቶ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ነገ ጠዋት መጥተህ እይልኝ” አለችው። “ንዴትህ ሳይበርድ ና።”