በደጃፍ ብርሃን የተሞከረ ፋውንዴሽን

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ወ/ሮ ኑሰይባ ኢስሃቅ ዑዘይር
ዕድሜ፦ 48
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ አራዳ ክፍለ ከተማ፣ ውቤ በረሃ አካባቢ
ሥራ፦ የመዋቢያ ዕቃ ሻጭ
የትምህርት ደረጃ፦ እስከ ስድስተኛ ክፍል
ጉዳዩ፦ በወ/ሮ ኢክላስ አብዱልመሊክ ላይ ስለደረሰ የአካል ጉዳት
ተጠርጣሪ፦ አቶ ካሊድ አብዱልሰላም፣ የተጎጂዋ ባለቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን ኪሮስ ተስፋ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ያየሁትንና የሰማሁትን፣ እንዲሁም እኔው ራሴ ያደረግኩትን ለመርማሪው እንደሚከተለው አስረድቻለሁ።

ፒያሳ በሚገኝ አንድ የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ በሻጭነት ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። የሱቁ ባለቤት ወ/ሮ ሲሀም በዕለቱ ዕቃ ለማምጣት መርካቶ ሄዳ ስለነበር ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። የቀድሞው ሱቃችን ከፈረሰ በኋላ የገባንበት ይህኛው ጠባብና ወደ ውስጥ ረዘም ያለ ነው። መስኮት የለውም። ከበሩ በቀር ብርሃን የሚገባበት ስለሌለ ቀኑን ሙሉ መብራት ይበራል። በዚያ መብራት ሰው ሁሉ ገርጥቶ ከሕመም የተነሣ ይመስላል። በዚህ ምክንያት ፋውንዴሽን፣ ማለት ከቆዳ ጋር የሚመሳሰለውን የፊት ቅባት፣ ሊገዛ የመጣን ደንበኛ ወደ በሩ ወስጄ በቀን ብርሃን ሳላይ ቀለም መርጬ አላውቅም። ይህን ማንም አላስተማረኝም። መጀመሪያ ሱቁን ለማጽዳት ነበር የተቀጠርኩት። ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን ወረቀቶችና ጠርሙስ የተጠቀለለባቸውን የመጽሔት ቅዳጆች እያነበብኩ፣ ያልገባኝን ደንበኞችን እየጠየቅኩ የለመድኩት ነው። በሩ ላይ የማቆመው ሰው ብርሃኑ እንዲያርፍበት ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል። እኔ ደግሞ ጀርባዬን ለመንገዱ እሰጣለሁ። ይህን የምናገረው ተጠርጣሪው ሲመጣ ለምን እንዳላየሁት ስለተጠየቅኩ ነው።

ማክሰኞ ጥቅምት 11 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ወ/ሮ ኢክላስ ወደ ሱቁ ገባች። ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም፤ ስሟንም ያወቅኩት በኋላ ነው። ሃያ አራት ወይም ሃያ አምስት ዓመት ይሆናታል ብዬ ገመትኩ። ሻሿን እስከ ጉንጯ ድረስ ወደ ፊት ስባ ነበር። ሱቁን ዞር ዞር ብላ አየችና «እትዬ፣ በሩ ይሄ ብቻ ነው?» አለችኝ። ሽንት ቤት የፈለገች መስሎኝ ጎረቤት ካለው ካፌ መጠየቅ እንደምትችል ነገርኳት። «አይ፣ እንዲሁ ነው» አለች።

በማግስቱ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ በሚገኝ አንድ ቢሮ በእንግዳ ተቀባይነት ሥራ እንደምትጀምር ነገረችኝ። የፈለገችው ቀኑን ሙሉ የሚቆይ፣ ሲነካ የማይለቅ ፋውንዴሽን ነበር። በዚያን ሰዓት ፊቷ ላይ ወፍራም ፋውንዴሽን ተቀብታ ነበር። ቀለሙ ከቆዳዋ የቀላ ስለሆነ ፊቷና አንገቷ የአንድ ሰው አይመስሉም። ቆዳሽ ወዛም ነው ወይስ ደረቅ ብዬ ስጠይቃት «እሱን እንጃ፣ ብቻ የሚሸፍን ይሁንልኝ» አለች። እኔም ቆዳ ሳይታወቅ ፋውንዴሽን እንደማይመረጥ፣ ለደረቅ ቆዳ የተሠራው ወዛም ፊት ላይ እኩለ ቀን ሳይሆን እንደሚፈስ፣ ለወዛም የተሠራው ደግሞ ደረቅ ፊት ላይ እንደሚሰነጣጠቅ አስረዳኋት። ሶፍት ወስጄ ግንባሯና አፍንጫዋ ላይ ጫን አደረግኩት፤ ወዝ ያዘ። ቀኝ ጉንጯ ላይ ግን ወዝ አልያዘም። ድብልቅ ቆዳ የምንለው ይህን ነው። ወደ ግራ ጉንጯ ስዞር እጄን ያዘችኝ። «እሱን ይተዉት» አለች። ብጉር መሰለኝ። «እኔ ስንት ብጉር ያየሁ ሴትዮ ነኝ፣ አትፈሪ» አልኳት።

ከመደርደሪያው ሦስት ጠርሙስ አወረድኩ፤ የእጅ መስታወቱንም ከባንኮኒው ላይ አንስቼ «ነይ፣ በሩ ጋ እንውጣ» አልኳት። «እዚሁ ይሁን» አለች። እዚህ መብራት ሥር የተመረጠ ቀለም ውጭ ሲወጣ አመድ እንደሚመስል ነገርኳት። «ግዴለም እትዬ፣ እዚሁ ይሁን» አለች ደግማ። ያን ጊዜ ክንዷን ይዤ አወጣኋት። በኃይል አልጎተትኳትም፤ ነገር ግን ይዣታለሁ። ያልሆነ ቀለም ይዘው ሄደው፣ በሠርጋቸው ቀን ጭምብል ያጠለቁ መስለው ፎቶ የተነሡ ልጆች ትዝ እያሉኝ ነበር። ዓይን አፋር ናት፣ በኋላ ታመሰግነኛለች ብዬ አሰብኩ።

ከእኛ ቀጥሎ ሰዓት የሚጠግነው አቶ ሐጎስ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይሠራ ነበር። እንደ ልማዱ «ኑሰይባ፣ ዛሬም ሰው ፀሐይ ላይ ልታሰጪ ነው? በርበሬ አደረግሻቸው እኮ!» አለኝ። «አንተ ሰዓትህን ጠግን፤ ካሉህ ውስጥ አንድ እንኳ ልክ የሚሄድ የለህም» አልኩት። ኢክላስ ሳቀች። ከገባች ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ፊቷን ወደ መንገዱ አዙሬ አቆምኳት። ሻሿን ትንሽ ወደ ኋላ አደረግኩና የግራ ጉንጯንና መንጋጋዋን በእርጥብ ጨርቅ አጸዳሁ። ቀለም የሚሞከረው እጅ ላይ ሳይሆን ፊትና አንገት በሚገናኙበት መንጋጋ ላይ ነው። የተቀባችው ሲለቅ ከጉንጯ አጥንት ወደ መንጋጋዋ የሚወርድ ምልክት ታየኝ። መሃሉ የጠቆረ፣ ዳር ዳሩ ወደ ቢጫና አረንጓዴ የዞረ ነበር። ሐኪም ስላልሆንኩ ስንት ቀን እንደሆነው መናገር አልችልም። ነገር ግን የዚያን ዕለት የወጣ ምልክት አልነበረም። መሻር የጀመረ ነበር። ይህን ያየሁት ተጠርጣሪው ከመምጣቱ በፊት ነው።

ምልክቱን ስታዪ ምን አሰብሽ ተብዬ ተጠይቄያለሁ። ብጉር አለመሆኑን ወዲያው አውቄያለሁ። የሰው እጅ መሆኑንም ጠርጥሬያለሁ። ነገር ግን መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ይህን አረንጓዴ የትኛው ቀለም ያጠፋዋል የሚል ነበር። ወደ ውስጥ እንግባ አላልኳትም። ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ ብዬም አልጠየቅኳትም። ከምልክቱ ዝቅ ብዬ ከሦስቱም ጠርሙሶች አንዳንድ መስመር ቀባሁ። ከቆዳው ጋር ተመሳስሎ የሚጠፋው መስመር ትክክለኛው ነው። ፋውንዴሽን ግን ከወዝ ጋር ሲቆይ ስለሚጠቁር ቀለሙ እስኪረጋ መጠበቅ ያስፈልጋል። «ጨረስን እትዬ? ልግባ?» አለችኝ። «ቆይ፣ ይርጋ» አልኳት።

እየጠበቅን ሳለ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ መንገዱ አየች፤ ዓይኗ ፈጠጠ። ጀርባዬ ለመንገዱ ስለነበር ምን እንዳየች አላወቅኩም። «አይዞሽ፣ ፀሐዩ ነው» አልኳት። እስካሁን ጆሮዬ ላይ የሚጮኸው ይህ ቃሌ ነው። ወደ ሱቁ ለመግባት ስትዞር አንድ ሰው እኔን በትከሻዬ ገፍቶ አለፈና ሻሿን ከኋላ ያዘ። ይህ ሰው ተጠርጣሪው ካሊድ ነው። የሚኒባስ ሾፌር መሆኑን፣ ከሱቃችን ፊት ለፊት ካለው ማቆሚያ እንደሚጭን የሰማሁት በኋላ ነው። ወደ ራሱ አዞራትና «ቤትሽን ጥለሽ መንገድ ላይ ትኳኳያለሽ? ለማን ነው?» አላት። እሷ «ካሊድ፣ በአላህ» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረችም። ፊቷን በቡጢ መታት። ወደ ጎን ተወርውራ ከበሩ ጎን ባለው የመስታወት መደርደሪያ ላይ ወደቀች። መስታወቱ ተሰብሮ አገጯንና የግራ ጉንጯን ቆረጣት። ተጠርጣሪው ተደናቅፋ ወደቀች ማለቱ ተነግሮኛል። እዚያ ቦታ የሚያደናቅፍ ነገር የለም፤ በየጠዋቱ የምጠርገው እኔ ነኝ። የወደቀችው ስለተመታች ነው።

ሰው ተሰበሰበ። ከመካከላቸው አንዱ «ሚስቱ ናት አሉ፤ የባልና ሚስት ነገር ውስጥ አትግቡ» ሲል ሰማሁ። አቶ ሐጎስ ዘሎ ካሊድን ከኋላ አነቀውና «ሚስቱ ብትሆን ዕቃው ናት እንዴ? ምን ትገተራላችሁ፣ ያዙልኝ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ያዙት፤ ፖሊስም መጣ። እኔ እስከዚያ ድረስ ክዳኑ የተከፈተ ጠርሙስ በእጄ ይዤ ቆሜ ነበር። ከዚያ ሱቅ ውስጥ ያለውን ሶፍት ሁሉ አምጥቼ ቁስሏን ያዝኩላት። አልበቃም። የራሴን ሻሽ አውልቄ ጫንኩበትና በላዳ ወደ ሆስፒታል ወሰድኳት።

ሆስፒታል ተራ ስንጠብቅ፣ ባሏ ስለሚደበድባት ከቤት ወጥታ አምስት ኪሎ አክስቷ ዘንድ መጠጋቷን ነገረችኝ። በዚያ ሰዓት ባሏ ተሳፋሪ ጭኖ ጉዞ ላይ እንጂ ማቆሚያው ጋ አይሆንም ብላ ገምታ ነበር። እንዲያም ሆኖ ለምን ፒያሳ ድረስ መጣሽ ብዬ ጠየቅኳት። የአክስቷ ጎረቤት «ኑሰይባ የምትባል አለች፣ እሷ ልክሽን ትመርጥልሻለች» ብላት እንደሆነ ነገረችኝ። «ደግሞ ከውጭ ሳየው ሱቃችሁ ወደ ውስጥ ይርቃል፤ ጨለም ያለ ነው። ለዚህ ነው የገባሁት» አለች። ቆየት ብላ «የትኛው ሆነ?» አለችኝ። ስለ ቀለሙ መጠየቋ ነው። የመሃለኛው እንደሆነ ነገርኳት። «ያስቀምጡልኝ» አለች። ለብቻው አስቀምጬላታለሁ። ረቡዕ ሥራዋን አልጀመረችም።

ትናንት ሐሙስ ከቀትር በኋላ የተጠርጣሪው አጎት ከአንድ ሌላ ሰው ጋር ወደ ሱቁ መጡ። በትሕትና ነው ያናገሩኝ። አጎቱ «እህቴ፣ ልጃችን አጥፍቷል፤ አልካድንም። ግን እሷስ መንገድ ላይ ቆማ እየተኳኳለች አልነበረም?» አሉኝ። «ነበረች» አልኩ። «በቃ፣ ይህንኑ ተናገሪ። ጨምሪ አላልንሽም፤ ዋሺም አላልንሽም። ባል ነው፤ አይቶ ደሙ ፈላ። ይህን የሰማ ዳኛ ያዝናል» አሉ። አልዛቱብኝም፤ ሊሰጡኝ ያቀረቡትም ነገር የለም።

በእርግጥም ውሸት እንድናገር አልጠየቁኝም። ኢክላስ ሰው በሚያልፍበት መንገድ ዳር ቆማ ነበር። ሻሿ ወደ ኋላ ተደርጎ ፊቷ ላይ ቀለም እየተቀባ ነበር። ነገር ግን ነገሩ እዚህ ላይ ከቆመ ወዳ የወጣች ይመስላል። ሁለት ጊዜ እዚሁ ይሁን ብላኛለች። እኔ አልሰማኋትም። ሻሿን ወደ ኋላ ያደረገው የእኔ እጅ ነው። ልግባ ስትል ቆይ ያልኳት እኔ ነኝ። መርማሪው ለጉዳዩ ማን እንደመታት መታወቁ በቂ ነው፣ አንቺን የሚጠይቅሽ የለም ብሎኛል። ቢሆንም እንዲጻፍልኝ ለምኜ ተጽፎልኛል።

ከዚያ ቀን ወዲህ በሥራዬ ላይ የተለወጠ ነገር አለ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔው ልናገር። ትናንት ጠዋት አንዲት ልጅ ፋውንዴሽን ልትገዛ መጥታ ነበር። «በሩ ጋ ብርሃን አለ፤ መውጣት ትፈልጊያለሽ ወይስ እዚሁ ይሁን?» አልኳት። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ዓይን አየችኝ። እስክትመልስልኝ ጠበቅኩ።

ከላይ የሰፈረው ቃል ተነብቦልኛል፤ ወረቀቱንም ተቀብዬ ራሴ አንብቤዋለሁ። በሁለተኛው ገጽ ላይ «አብረን ወደ በሩ ወጣን» ተብሎ ተጽፎ የነበረው እንዲሰረዝና «ክንዷን ይዤ አወጣኋት» ተብሎ እንዲተካ ጠይቄ ታርሟል። ከእርማቱ ጎን ፈርሜያለሁ። የቀረው ሁሉ እንዳለ የእኔ ቃል ነው፤ ሐሰት የለበትም። ፍርድ ቤት ብጠራ ተጠርጣሪውና ዘመዶቹ ባሉበት፣ ኢክላስም በምትሰማበት፣ ይህንኑ እደግማለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ኑሰይባ ኢስሃቅ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ኪሮስ ተስፋ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.