ሁለቱም ትምህርት ቤት የኛ ነው ያሉት መምህር

ባለቤቴ ማረፉን ሆስፒታል ደጃፍ በነገሩኝ ቀን፣ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የጅማ መንገድ በድንጋይ ተዘግቶ ነበር። አስከሬኑን ይዘን ዓለም ገና ስንደርስ ወጣቶች አስቆሙን። ሰበታ ወስጄ ሳልቀብረው ልቀር ነው ብዬ ፈራሁ።

"ማን ነው የሞተው?" አለ አንዱ።

"መምህር ገዛኸኝ፣ የሰበታው።"

"ቲቸር? እኛንም እኮ አስተምረውናል" ብሎ ጓደኞቹን ጠራ። ድንጋዩን አነሱልን፤ እስከ ሰበታም በእግራቸው ሸኙን። እዚያ ሲጠብቁ ከነበሩት ተማሪዎቹ ጋር ግን ወዲያው ክርክር ገጠሙ።

"ከዓለም ገና የኛ ትምህርት ቤት ይበልጣል ይሉን ነበር" አሉ የሰበታዎቹ።

"ለእኛም የኛ ይበልጣል ነው ያሉን።"

ከነእንባዬ ሳቅሁ። እቤት የቱ ይበልጣል ብዬ ስጠይቀውማ "ሁለቱም ጋ ወንበር አይበቃም" ነበር መልሱ። ልጆቹ አስከሬኑን እየተቀባበሉ ቤተ ክርስቲያን አደረሱልኝ።

የክርስትና ስሙ ኃይለ ገብርኤል ነው፤ ስትጸልዩ ነፍሱን አስቡልኝ።