ከሠርጉ ፎቶ የተቆረጠችው

(ሐዋሳ፣ ቅዳሜ ረፋድ፤ በሁለት ዓመት ሕክምና ሠላሳ አንድ ኪሎ የቀነሰችው መምህርት አስካለ ሳሎን ውስጥ፣ ማቅጠኛ ሻይ የምትነግደው ታናሽ እህቷ መክሊት ስልኳን ይዛ ቆማለች።)

መክሊት፦ ፎቶ ነው የጠየቅኩሽ እታለም፤ ኩላሊት ስጪኝ አላልኩም!

አስካለ፦ ኩላሊቱንማ ሻይሽ ይጨርሰዋል።

መክሊት፦ ተይ እንግዲህ! የድሮውን በግራ፣ የአሁኑን በቀኝ አድርጌ፣ ከሥር «በሦስት ወር ብቻ» ብዬ...

አስካለ፦ በሁለት ዓመት ነው።

መክሊት፦ ሁለት ዓመት ማን ይጠብቃል? ሰው የሚፈልገው ለፋሲካ የገዛው ቀሚስ እንዲገባለት ነው።

አስካለ፦ እኔን ደግሞ ያቀጠነኝ ያንቺ ሻይ ነው?

መክሊት፦ ሻይ ጠጥተሽ አታውቂም?

አስካለ፦ ያለ ስኳር! የሥነ ምግብ ባለሙያዋ እንዳለችኝ፤ እንጀራዬ ግማሽ፣ ከሳህኔ እኩሌታው ጎመን፣ ዘይቴ በማንኪያ። ሐኪሙ የደሜን ስኳር በየሦስት ወሩ እያየ ኪኒኔን ሲያስተካክልልኝ ከረመ። አምና ስድስት ኪሎ መልሼ ጨምሬ ሚዛኑ ላይ ቆሜ ሳለቅስ ሻይሽ የት ነበር?

መክሊት፦ ኧረ ወዲያ! ጎመን በልቶ መቅጠን ማን ያቅተዋል? ያጣ ሁሉ የሚያደርገውን አንቺ ሊቅ ፈልገሽ ተሰለፍሽበት።

አስካለ፦ ሻይሽ ውስጥ ምን አለ?

መክሊት፦ ቅጠል ነዋ።

አስካለ፦ የምን ቅጠል?

መክሊት፦ የተፈጥሮ።

አስካለ፦ እንክርዳድም የተፈጥሮ ነው። ለመሆኑ አንቺ ትጠጪዋለሽ?

መክሊት፦ እኔማ... ሆዴን ይቆርጠኛል።

አስካለ፦ ይኸውልሽ! ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም።

መክሊት፦ አቤት መንጠራራት! ሥጋሽ ሲቀንስ ኩራትሽ ወፈረ።

አስካለ፦ የድሮው ያልሽው የትኛውን ፎቶ ነው?

መክሊት፦ የሠርጌን። ሰማያዊ ቀሚስ የለበስሽበትን።

አስካለ፦ «ፎቶውን ብቻሽን ትሞዪዋለሽ፤ ዳር ላይ ቁሚ» ያልሽኝን ቀን? አልበምሽ ውስጥ እኮ የቀረው ክንዴ ብቻ ነው፤ ሌላውን በመቀስ ቆርጠሽዋል።

መክሊት፦ ልጅነት ነው... ደግሞ ቆረጥኩት እንጂ አልጣልኩትም።

አስካለ፦ አውቃለሁ። ከትናንት ወዲያ አይቼዋለሁ።

መክሊት፦ የት?

አስካለ፦ ሐኪም ቤት። ተራ ስጠብቅ ወይዘሮ ብርቄ የሚባሉ እናት ከጎኔ ተቀምጠው ኖሮ፣ ስልካቸውን አውጥተው የድሮና የአሁን ፎቶዬን ጎን ለጎን እያሳዩ «ይቺ አንቺ አይደለሽም?» አሉኝ። ለካ ከለጠፍሽው ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

መክሊት፦ እሱማ... ዛሬ የመጣሁት ፈቃድሽ ቢኖርበት ይሻላል ብዬ ነው።

አስካለ፦ ሰርቆ ማስፈቀድ! ይሄም ንግድ ተብሎ።

መክሊት፦ ምን ጎደለብሽ? ሰዎቹ ጠጥተው ይቀጥናሉ፣ አንቺ ትመሰገኛለሽ።

አስካለ፦ ወይዘሮ ብርቄማ ቀጥነዋል! ተቅማጡ ጉንጫቸውን አስገብቶታል። «እሷ በሻይ ከዳነች እኔስ ምን አነሰኝ?» ብለው የስኳር ኪኒናቸውን ካቆሙ ሁለት ሳምንት። ወንበሩ ላይ እያሉ ምላሳቸው ደርቆ፣ ዓይናቸው ፈዞ፣ እጄ ላይ ነው የወደቁት።

መክሊት፦ እኔ ኪኒን አቁሙ አላልኩም!

አስካለ፦ ከፎቶዬ ሥር «ኪኒን ለምኔ!» ብሎ የጻፈው ማን ነው?

መክሊት፦ እሱ ለማሳመር ነው እኮ... በቃ አጠፋዋለሁ። ይኸው! አየሽ? ጠፋ።

አስካለ፦ ከስልክሽ ጠፋ። እኚያ ሴትዮ የጠጡትስ?

መክሊት፦ አትቆጪኝ በናትሽ። እኔ ምን ላድርግ? ጓደኞቼ ሁሉ ቅባት ሲሸጡ፣ ክሬም ሲሸጡ...

አስካለ፦ ሠላሳ አንድ ዓመትሽ ነው፤ አሁንም ልጅነት ነው ልትዪኝ ነው? ስወፍር አፈርሽብኝ፤ ምንም አላልኩሽ። ስቀጥን ሸጥሽኝ።

መክሊት፦ እሺ... ሴትየዋ የት ናቸው? ተርፈዋል?

አስካለ፦ ኢንሱሊን ተሰጥቷቸው ሁለት ሌሊት ተኝተው ዛሬ ጠዋት ወጡ። ባለሙያዋ ያዘዘችላቸውን ምግብ አብረን እንድንሠራ ምሳ እኔ ዘንድ ይሁን ብያቸዋለሁ።

መክሊት፦ ዛሬ? እዚህ?

አስካለ፦ በሩ ሲንኳኳ አይሰማሽም? አንቺ ቅርብ ነሽ፤ ክፈቺላቸው።